«ሌላ»

ዝናብ ነበር፤ ኮምቦልቻ፤ ቦርከና ሞልቶ ሲያጓራ፣
የክሊኒኩን በር ሰው መታው፣ ስም እየጠራ።
ጦይባ ይማም ነች፣ የወፍጮ ቤቷ፣
ዱቄቱ በዝናብ ሊጥ ሆኖ በሽፋሽፍቷ፣
በነጠላ ተጠቅልላ በእቅፏ ድመቷ።

«ከዙሁር ጀምራ ታምጣለች፤ አንድም አልወጣላት፤
አሁንማ ድምጿም ጠፋ። ዶክተር፣ በአላህ እያት።»

እኔ ረዳት ነኝ፤ ዕድሜዬን ቀንድ ይዤ የኖርሁ፣
በሬ ጠልፌ የጣልሁ፣ በግመል የተነከስሁ፤
እንዲህ ያለ ቀላል በሽተኛ ታቅፌ አላውቅ፣
ከቁና ጤፍ የማይከብድ፣ በመዳፍ የሚሞቅ።

ካርድ መሙላት ደንብ ነው፤ እስክሪብቶ አነሣሁ።
በሬ፣ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ግመል፤
ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ድመት ከመካከል
የለችም። ከታች ጥግ፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል፣
«ሌላ» የሚል አለ። እዚያ ምልክት አደረግሁ።

«ስሟስ?» አልኋት። «ስም የላት፤ ድመት ናት» አለች፤
«አይጥ ስትይዝ አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች።»

ዶክተር አበጋዝ ዝም ብሎ ሆዷን ዳሰሰ፤
ነጠላው ላይ አረንጓዴ ውሃ ፈሰሰ።
«አንዱ በጎኑ ተጋድሞ በሩን ዘግቷል፤
የማህፀኗም ጉልበት በምጥ ብዛት አልቋል።
መርፌ አይገፋውም። መክፈት ነው።»

መድኃኒቱ በኪሎ ነው፤ የኛ ሚዛን የከብት፤
ለሦስት ኪሎ ነፍስ ቀስቱ አይነቃነቅላት።
ጦይባ በዝናቡ ሮጣ የራሷን ይዛ መጣች፤
«እውነት ይናገራል?» አላት፤ ሐሜት ሰምቷል። «ዛሬ» አለች፣
አውራ ጣቷን ከሳህኑ አርቃ፣
ከወገቧ ኋላ ደብቃ።

ሦስት ኪሎ ከሩብ።
ለወይፈን ብልቃጥ የሚፈጀው ለሷ በጠብታ ሆነላት፤
ዓይኗ እንደተገለጠ እንቅልፍ ወሰዳት።
ሆዷን ላጨ፤ አዮዲን ቀባ፤ ምላጩን እንዳነሣ
መብራት ሄደ።
ጦይባ በሁለት እጇ እግሮቿን ይዛ፣
ስልኳን አብርታ በጥርሷ ነክሳ።

አንድ መስመር፣ ከእምብርቷ ቁልቁል። ደሙ ትንሽ ነው።
ማህፀኗን በሁለት ጣት ስቦ አወጣው፤
«ያዝ» አለኝ፤ «ይህ ግራ ቀንዱ፣ ይህ ደግሞ ቀኙ ነው።»
ቀንድ! እኔ የማውቀው የሚወጋ፣ አጥንት የሚሰብር፤
ይህ ግን እርጥብ ሐር፣ እንደ መቁጠሪያ ክር
በየቋጠሮው ነፍስ ያለበት፤
ይዤው ቆምሁ፤ ትንፋሼን ዋጥሁበት።

መጀመሪያ የወጣው በሩን የዘጋው ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፤
ሞቷል። በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጎን አኖረው፣ ሳይናገር።
ሁለተኛው ዝም። «ፈትገው!» አለኝ። በዚህ የበሬ እጄ
ፈተግሁት እንደ ገብስ፣ የአቡጀዴ ቅዳጅ ይዤ፤
አፉን ጠረግሁ፣ ቁልቁል ደፋሁት፣ እንደገና ፈተግሁ፤
ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፤
ልተወው ስል ነው ማነጠሱን የሰማሁ።
«የርሐሙከላህ!» አለች ጦይባ፤ ስልኩ ከጥርሷ ወደቀ፤
በጨለማው «ይማርህ» አልሁ እኔም፤ ዶክተሩ ሳቀ።

ሦስተኛው፣ አራተኛው እየጮኹ ወጡ።
መስፋት ጀመረ፤ ማህፀኑን፣ ጡንቻውን፣ ቆዳውን በየተራ፤
ያኔ ነው ጦይባ ያወራችው፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወደ ክሩ እያየች፦
«እህቴን ከጨፋ በቃሬዛ ይዘናት ስንመጣ፣ ክረምት ነበር፤
ቦርከና እንዲህ ሞልቶ…»
አልጨረሰችውም። እኛም አልጠየቅናትም።
መርፌው ሲገባ ሲወጣ ቆየ። ዝናቡም አልቆመም።

ሊነጋ ሲል ድመቷ ተንገዳግዳ ራሷን አነሣች፤
ሦስቱን አንድ በአንድ አሸተተች፤
ከዚያ ወደ ጎን፣ ወደ ጨርቁ ዞረች።

ክፍያው ስንት ይሁን? ለድመት ዋጋ አልተጻፈም፤
ዶክተሩ የፍየል አስከፈላት፤
ለአንድ ጣሳ ጤፍ ሳንቲም የምትቆጥር ሴት፣ አልተከራከረችም።

ረፋድ ላይ አንድ ገበሬ ከሐርቡ በሬ እየነዳ መጣ።
ቀንዱን ያዝሁለት እንደ ወትሮዬ፤ እጄ ግን ላላ።
«አጥብቀህ ያዘው እንጂ!» አለኝ ሰውየው በቁጣ፤
«ምን ነካህ?
ቀንድ እኮ ነው የያዝኸው።»